ከከረረ ክር እስከ ሲፕሮ ክኒን፦ በእርሾ ውስጥ የታየው ምስጢር

 

የዛሬውን ጽሑፍ ያስጀመሩኝ አንዲት እናት ናቸው። በአንድ የረመዳን ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጡ። በእጃቸው ግማሹ ያለቀ የሲፕሮፍሎክሳሲን ክኒን ይዘዋል።

«ልጄ፣ ይኼ መድኃኒታችሁ አልሠራልኝም። አምስት ቀን ሙሉ ወሰድኩት፤ ትኩሳቱ ሄድ መለስ ይላል» አሉኝ።

«እናቴ፣ በምንድን ነው የሚወስዱት?»

«በወተት ነዋ! ሆዴን እንዳይጎዳኝ ብዬ። ለኢፍጣርም በወተት፣ ለሱሑርም በወተት።»

ክኒኑን የሰጠኋቸው እኔ ነበርኩ። ሰው በተሰለፈበት ሰዓት በላስቲኩ ላይ «ሁለት ጊዜ» ብዬ ጽፌ ሸኘኋቸው እንጂ ስለ ወተት ትንፍሽ አላልኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ዐውፍ እንዲሉኝ ጠየቅኋቸው፤ እሳቸውም አላሳፈሩኝም። ወዲያው ወደ ሐኪማቸው እንዲመለሱም ነገርኳቸው። ከመሄዳቸው በፊት ግን ዘወር ብለው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። «ለመሆኑ ይኼ ክኒን ጀርሙን የሚገድለው እንዴት ነው? ጀርሙን ከገደለ እኔንስ ለምን አይገድለኝም?»

ሱብሓነላህ! በትምህርት ቤት መምህሮቻችን የጠየቁን ይህንኑ ነበር። በዚያ ጥድፊያ አጭር መልስ ሰጠኋቸው። ረጅሙ መልስ ግን በክር ይጀምርና በእርሾ በኩል አልፎ ነው ወደ ክኒኑ የሚደርሰው።

ሁለት ክርና አንድ እርሳስ

ይህን ከልጆቻችሁ ጋር ቤት ውስጥ ሞክሩት። አንድ ክንድ የሚያህሉ ሁለት የሹራብ ክሮች ውሰዱና እንደ ገመድ አንድ ላይ ግመዷቸው። ሁለቱን ጫፎች ሁለት ልጆች እንዳይዞሩ አጥብቀው ይያዙ። አሁን እርሳስ በሁለቱ ክሮች መካከል አስገቡና ወደ አንደኛው ጫፍ በቀስታ ግፉት።

ምን አያችሁ? ከእርሳሱ ፊት ያለው ገመድ እየከረረ፣ እየከረረ ይሄዳል። ትንሽ ላላ አድርጋችሁ ብትይዙት በራሱ ላይ ተጠምዝዞ ይቋጠራል። ከእርሳሱ ኋላ ያለው ደግሞ ይላላል። ከተወሰነ ርቀት በኋላ እርሳሱ አልሄድ ይላል። ጥጥ ፈትለው ያሳደጉን እናቶች ይህን ነገር ከማናችንም በላይ ያውቁታል። ክር በልኩ ሲከር ይጠነክራል፤ ከልኩ ካለፈ ግን ወይ ይቋጠራል ወይ ይበጠሳል።

በእያንዳንዱ ሕያው ሴል ውስጥ ያለው ዲ.ኤን.ኤ. የሚባለው ነገር እንደዚሁ ሁለት ሆኖ የተገመደ ክር ነው። አንድ ሙሉ ዙር ለመዞር 10.5 ያህል «ፊደላት» ይፈጅበታል። በእነዚህ ፊደላት ቅደም ተከተል ነው አላህ (ሱ.ወ) የፍጥረቱን መመሪያ በሴል ውስጥ ያኖረው። ጂን ወይም ዘረ-መል የምንለው ከዚህ ረጅም ክር ላይ አንዱን ክፍል ነው።

ሴሉ ግን ዋናውን መመሪያ አውጥቶ ለሥራ አይጠቀምበትም። መድረሳ የቀራችሁ ታስታውሳላችሁ። ሙስሃፉ በክብር ከፍ ብሎ ተቀምጦ፣ እኛ የዕለቱን ትምህርት በእንጨት ሎህ ላይ በቀለም እንጽፍ ነበር። ቀርተን ስንጨርስ ሎሁ ይታጠባል፣ ለነገ ሌላ ይጻፍበታል። ለማስረዳት ያህል ብቻ ነው እንጂ ንጽጽሩ ከዚህ አይዘልም፤ ሴሉም ከዲ.ኤን.ኤ.ው ላይ የሚፈልገውን ጂን ብቻ በአር.ኤን.ኤ. መልክ ገልብጦ ያወጣል፣ በቅጂው ይሠራል፣ ከዚያም ቅጂውን ያፈርሰዋል። ቅጂውን የሚጽፈው ኢንዛይም አር.ኤን.ኤ. ፖሊመሬዝ ይባላል። ይህ ጸሐፊ ፊደላቱን ለማንበብ ሁለቱን ክሮች መለየት አለበት፤ እየለየ ወደፊት ይሄዳል። እንግዲህ እርሳሱ እርሱ ነው ማለት ነው።

ሒሳቡን ብንሠራው፣ 1,000 ፊደል ያለውን ጂን ለመገልበጥ ወደ 95 ዙር ግምድ መፈታት አለበት። ጸሐፊው ራሱ በክሩ ዙሪያ እየተሽከረከረ ቢሄድ ችግር አልነበረም። ነገር ግን ትልቅ ነው፣ የጻፈውንም ቅጂ እንደ ረጅም ጅራት ይጎትታል፣ ስለዚህ እንደ ልቡ አይሽከረከርም። እርሱ ካልዞረ መዞር ያለበት ክሩ ነው። ሌሮይ ሊዩና ጄምስ ዋንግ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1987 ያቀረቡት ሐሳብ ይኸው ነው። በሚገለበጥ ጂን ላይ ከጸሐፊው ፊት የከረረ፣ ከኋላው የላላ ዲ.ኤን.ኤ. ይፈጠራል አሉ።

እርሾ ምን አገባው?

ሐሳብ ብቻውን ማስረጃ አይሆንምና መፈተን ነበረበት። ለዚህ ከተመረጡት ፍጥረታት አንዷ እያንዳንዳችን ወጥ ቤት ውስጥ አለች፦ የዳቦ እርሾ። በጥቅል የምንገዛው ደረቅ እርሾ ሳካሮማይሲስ ሰርቪዚዬ የሚባል አንድ ሴል ያለው ፍጥረት ነው። (የእንጀራ እርሾአችን ከዚህ ይለያል፤ የተለያዩ እርሾዎችና ባክቴሪያዎች አብረው የሚኖሩበት ድብልቅ ነው።) ይህች ሴል ትንሽ ትሁን እንጂ አሠራሯ ለእኛ ሴል ይቀርባል። ዲ.ኤን.ኤ.ዋን በኒውክለስ ውስጥ ታስቀምጣለች፣ እንደ እኛም ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ትጠቀልለዋለች። ሙሉ መመሪያዋ ተነብቦ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። 12 ሚሊዮን ያህል ፊደላትና 6,000 ያህል ጂኖች፣ በ16 ክሮሞዞሞች ላይ ተቀምጠው ተገኙ። ተዘርግቶ ቢለካ 4 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። ሴሏ ራሷ ደግሞ የአንድ ሚሊሜትር አምስት ሺህኛ ብትሆን ነው! በዚህች ጠባብ ቦታ ክሩ ሳይቋጠር ሺህ ጊዜ ይነበባል።

ሳይቋጠር የሚቀረው ፈቺዎች ስላሉት ነው። ቶፖአይሶሜሬዝ ይባላሉ፤ ስሙ ረጅም ስለሆነ «ፈቺ» እያልኩ ልቀጥል። የመጀመሪያውን ፈቺ ጄምስ ዋንግ በባክቴሪያ ውስጥ አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ1971 አሳወቀ። እርሾ በኒውክለሷ ለመገልበጥ ሥራ የሚያገለግሉ ሁለት ዋና ፈቺዎች አሏት። አንደኛው ከሁለቱ ክሮች አንዱን ብቻ ይቆርጣል፣ ክሩ ዞሮ ይላላል፣ ከዚያ መልሶ ይቀጥለዋል። ሁለተኛው ደፋር ነው። ሁለቱንም ክሮች ይቆርጥና በክፍተቱ ሌላ የዲ.ኤን.ኤ. ክፍል አሳልፎ መልሶ ይገጥመዋል። ቆርጦ ሲገጥም አንድም ፊደል አይጠፋም።

ተመራማሪዎቹ ያደረጉት የሚገርም ብልሃት ነው። አንደኛው ፈቺ የሌላት፣ ሁለተኛው ፈቺ ደግሞ ሙቀት የማይችል እርሾ አዘጋጁ። እንዲህ ያለችው እርሾ በ25 ዲግሪ ትኖራለች፤ ሙቀቱ ወደ 37 ዲግሪ ገደማ ከፍ ሲል ሁለተኛው ፈቺም ሥራ ያቆማል። እ.ኤ.አ. በ1987 በዚህ መንገድ ሲታይ፣ የሴሏን የፕሮቲን ማምረቻዎች የሚሠራው የራይቦዞም አር.ኤን.ኤ. ግልበጣ በእጅጉ ወደቀ። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በደንብ በምታድግ እርሾ ውስጥ ከሚገለበጠው ሁሉ ከግማሽ በላይ የሆነው ይኸው ነው።

በ1988 ደግሞ ጊየቨርና ዋንግ ወደ እርሾዋ የባክቴሪያ ፈቺ አስገቡ። ይህ ፈቺ ጸባዩ ልዩ ነው፤ ከኋላ የላላውን ብቻ ያስተካክላል፣ ከፊት የከረረውን አይነካም። የእርሾዋ የራሷ ፈቺዎች ሥራ ሲያቆሙ የከረረው ብቻ ተከማችቶ ተገኘ። የክሩና የእርሳሱ ነገር በሕያው ሴል ውስጥ እንደሚሆን በዚህ ታየ።

ከሁሉም የወደድኩት ግን በባርሴሎና የጆአኪም ሮካ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው ነው። በዚሁ ዘዴ መክረሩን ሲያበዙት የአብዛኞቹ ጂኖች ግልበጣ ቀነሰ። በክሮሞዞሞቹ ጫፍ አካባቢ ያሉት ጂኖች ግን መገልበጣቸውን ቀጠሉ! ለምን? ወደ ልጆቻችሁ ክር ተመለሱ። አንደኛው ልጅ ጫፉን ቢለቀው የከረረው ገመድ ሽር ብሎ ይፈታል። ለጫፍ የቀረበ ጂን መውጫ አለው፤ መሀል ላይ ያለው ግን ያለ ፈቺ ታፍኖ ይቀራል። በ2012 ደግሞ ይኸው ቡድን ሁለተኛው ፈቺ ሲጠፋ በተለይ የሚጎዱት ረጃጅም ጂኖች መሆናቸውን አሳየ። ረጅም መንገድ የሚገፋ እርሳስ ብዙ ያከራል፤ ነገሩ ግልጽ ነው።

መላላቱ ሁሉ ግን ጉዳት አይደለም። በመጠኑ የላላ ክር ለመከፈት ቀላል ነው፤ ስለዚህ ጸሐፊው ሥራ በሚጀምርበት ቦታ ላይ መላላት ይረዳዋል። የሚጎዳው ሚዛኑ ሲፋለስ ነው።

አንዳንድ ወንድሞችና እህቶች እንዲህ ያለ ነገር ሲሰሙ ወዲያው «ይኼ በቁርኣን በዚህ አንቀጽ አለ» ለማለት ይቸኩላሉ። እኔ ከዚህ እቆጠባለሁ። ዕውቀቴ ለመድኃኒት እንጂ ለተፍሲር አይበቃም፤ መድረሳ ያስቀሩኝ ኡስታዝም ያለ ዕውቀት ከመናገር አጥብቀው ይከለክሉን ነበር። በአላህ ሥራ ለመደነቅ የእርሾዋ ነገር ራሱ ይበቃል።

አሁን ወደ ክኒኑ

ባክቴሪያም ፈቺዎች አሉት፤ ከእነሱ አንዱ ግን በእኛም በእርሾም ኒውክለስ ውስጥ የለም። ጋይሬዝ ይባላል። ማርቲን ጌለርትና ባልደረቦቹ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1976 አገኙት። ጋይሬዝ የከረረውን ማላላት ብቻ ሳይሆን፣ ጉልበት እያወጣ የባክቴሪያውን ዲ.ኤን.ኤ. ሁልጊዜ በመጠኑ የላላ አድርጎ ይይዘዋል። ባክቴሪያው ያለ እርሱ መባዛትም መገልበጥም አይችልም።

ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚይዘው ይህንን ጋይሬዝና ቅርብ ዘመዱን ነው። አያያዙም ተንኮለኛ ነው። ፈቺው ክሩን እስኪቆርጥ ይጠብቃል፤ ቆርጦ መልሶ ሊገጥም ሲል ያዝ ያደርገዋል። የተቆረጠው እንደተቆረጠ ይቀራል። የባክቴሪያው የገዛ ፈቺ መቀስ ሆኖበት ይሞታል። የእኛ ሁለተኛ ፈቺ ከጋይሬዝ ጋር ዝምድና ቢኖረውም፣ በምንወስደው መጠን ሲፕሮ አጥብቆ አይይዘውም። እናቴ፣ ክኒኑ ጀርሙን ገድሎ እርስዎን የማይገድልዎት በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ሌላ ነገርም ይከተላል። እርሾ ጋይሬዝ ከሌላት ሲፕሮ አይገድላትም ማለት ነው። በሰውነታችን ላይ የሚኖር ካንዲዳ የሚባል የእርሾ ዘመድ አለ። አንቲባዮቲክ ጎረቤቶቹን ባክቴሪያዎች ሲያጠፋለት ሜዳው ለእርሱ ይቀራል። እህቶች ሆይ፣ አንቲባዮቲክ ከወሰዳችሁ በኋላ በማሕፀን በር አካባቢ ማሳከክና እንደ አይብ የነጣ ፈሳሽ ከታየ፣ በአፍም ነጭ ሽፋን ከወጣ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው። ከቤት የተረፈ ሌላ ሲፕሮ መጨመር ነገሩን ያብሳል እንጂ አያድነውም። አፍራችሁ ዝም አትበሉ፤ ለፈንገስ የሚሆን የራሱ መድኃኒት አለው።

የወተቱ ነገር እንዲህ ነው። በወተትና በእርጎ ውስጥ ያለው ካልሲየም ሲፕሮውን ሆድ ውስጥ አጣብቆ ይይዘዋል፤ ወደ ደም ከሚገባው ሲሶ ያህሉን ሊያስቀር ይችላል። ለጨጓራ የሚወሰዱ አሉሚኒየምና ማግኒዥየም ያለባቸው መድኃኒቶች ከዚህም ይብሳሉ፤ የደም ማነስ የአይረን ክኒንም እንዲሁ። ሲፕሮውን ከእነዚህ ቢያንስ 2 ሰዓት ቀደም ብሎ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ መውሰድ ነው። የጎደለ መጠን ደግሞ ጉዳቱ አለመዳን ብቻ አይደለም። በጋይሬዝ ጂን ውስጥ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ሲፕሮው እንደ በፊቱ አይጣበቅም። ደካማ ባክቴሪያ በሞተበት፣ እንዲህ የተለወጠው ተርፎ ይራባል፤ ለልጅም ለጎረቤትም ይተላለፋል። የታይፎይድ ባክቴሪያ በብዙ አገሮች ለሲፕሮ እየደነደነ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። (በነገራችን ላይ፣ በዊዳል ምርመራ ብቻ «ታይፎይድ አለብህ» ተብሎ በየወሩ ሲፕሮ የሚወስድ ሰው ብዙ ነው። ምርመራው ብቻውን አስተማማኝ አይደለም፤ ይህን ሐኪማችሁን ጠይቁ።)

ቡና ለምትወዱ ደግሞ ሌላ መልእክት አለኝ። ሲፕሮ ጉበት ካፌይንን የሚያስወግድበትን መንገድ ያዘገያል። ከተራዊሕ በኋላ እንደ ልማዳችሁ ሦስቱንም ስኒ ብትጠጡ ልብ ይመታል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ እጅም ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ ጥፋቱን በክኒኑ ብቻ አታላኩ፤ መድኃኒቱን እስክትጨርሱ ቡናውን ቀነስ አድርጉ።

ሲፕሮ ጅማትንም ሊጎዳ ይችላል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 በከባድ ማስጠንቀቂያነት እንዲጻፍ አዘዘ። በተለይ ከ60 ዓመት በላይ የሆኑና እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት የሚወስዱ ይጠንቀቁ። ክኒኑን እየወሰዳችሁ ከተረከዝ በላይ ያለው ጅማት ቢያማችሁ፣ ሱጁድ ወርዶ መነሳት ቢከብዳችሁ፣ ክኒኑን አቁማችሁ ያኔውኑ ወደ ሐኪም ሂዱ። ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፈጽሞ አይሰጥም።

ለካንሰርም

ፈቺን ይዞ ጠላት ማድረግ ለካንሰር ሕክምናም አገልግሏል፤ እዚህም እርሾ ምስክር ሆናለች። ሞንሮ ዎልና ማንሱክ ዋኒ እ.ኤ.አ. በ1966 በቻይና ከሚበቅል ዛፍ ካምፕቶቴሲን የተባለ ንጥረ ነገር እንዳገኙ አስታወቁ። እንዴት እንደሚሠራ ለረጅም ጊዜ አልታወቀም። በኋላ የሚይዘው አንደኛውን ፈቺ እንደሆነ ተደረሰበት፤ በ1988 ደግሞ ይህ ፈቺ በሌላት እርሾ ላይ ሲሞከር ንጥረ ነገሩ ምንም አላደረጋትም። ፈቺው ከሌለ መርዙም የለም! ከዚህ ንጥረ ነገር የወጡት አይሪኖቴካንና ቶፖቴካን እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ ለካንሰር ሕክምና ተፈቀዱ። በአገራችን ለጡት ካንሰር በደም ሥር የሚሰጠው ቀዩ መድኃኒት ዶክሶሩቢሲንም ዋና ዒላማው ሁለተኛው ፈቺ ነው። የካንሰር ሴል በፍጥነት ስለሚባዛ ያለ ፈቺ መኖር አይችልም፤ ስለዚህ ይመታል። የፀጉር ሥርና የአፍ ሽፋንም ፈጥነው የሚባዙ ስለሆኑ አብረው ይጎዳሉ። እህታችሁ ፀጉሯ ሲረግፍ ብታዩ ምክንያቱ ይኼው ነው፤ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ያድጋል፣ ኢንሻአላህ።

ወደ እናታችን ልመለስ። ሐኪማቸው እንደገና መርምረው መድኃኒቱን ከመጀመሪያው እንዲጀምሩ አዘዙ፤ ለታመመ ሰው ጾም ማፍጠር የተፈቀደ መሆኑንም ነገሯቸው። እሳቸው ግን ሐኪሙ እስከፈቀዱላቸው ድረስ መጾምን መረጡ። አብረን ቁጭ ብለን ሰዓት አወጣን። ከምሽቱ 12፡30 በኢፍጣር ክኒኑን በብዙ ውኃ። ወተት ካማራቸው ከምሽቱ 2፡30 በኋላ፣ ግን ከ4፡30 ሳያልፍ። ከሌሊቱ 10፡30 በሱሑር ሁለተኛው ክኒን፣ አሁንም በውኃ። እናንተም ክኒኑ ታዞላችሁ ጾመኛ ከሆናችሁ ይህን ሰዓት ለሐኪማችሁ አሳዩና አስፈቅዱ።

እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ በሲፕሮ ላስቲክ ላይ «ከወተት ጋር አይደለም» ብዬ በትልቁ እጽፋለሁ። ሰው ቢሰለፍም።